መጀመሪያ ጭብጡን ያዙ፤ በኢንተርኔት የታንክ ጨዋታ መከላከያ ስለመምረጥ

የዚህ ዓምድ አንባቢያን የለመዱት ስለ ሕግ፣ ስለ ግብርና ስለ ቢሮክራሲ ስጽፍ ነው። ዛሬ ስለ ታንክ ነው የማወጋችሁ። ታንኩ እውነተኛው ታንክ አይደለም፤ ወርልድ ኦቭ ታንክስ በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን የሠራው በ1998 በቪክቶር ኪስሊይ ሚንስክ ላይ የተመሠረተውና ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ቆጵሮስ፣ ኒኮሲያ ያደረገው ዋርጌሚንግ የተሰኘው ኩባንያ ነው። በ2010 በሩሲያ፣ በ2011 ደግሞ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በይፋ ተከፈተ። በተለመደው ውጊያ 15 ሰው ከ15 ሰው ጋር ይገጥማል፤ ግጥሚያው ቢበዛ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ስለ ጨዋታ መጻፉ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ከማውቃቸው ተጫዋቾች ብዙዎቹ ልጆች ሳይሆኑ ጠበቆች፣ ሐኪሞችና የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ አንድ ሁለት ግጥሚያ ይጫወታሉ። ሁሉም ታዲያ በአንድ ቃል የሚጠይቁኝ፣ «ታንኬ ቶሎ እንዳይሞት ምን ልግጠምለት?» ብለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ፍርድ ቤት ማስረጃ ከመስማቱ በፊት ጭብጥ ይይዛል። ግራ ቀኙ የሚከራከሩበት ነጥብ ተለይቶ ካልታወቀ ማስረጃው ቢከመር ለፍርድ አይጠቅምም። በታንክ ጨዋታም እንዲሁ ነው። «ምን ልግጠም?» ከማለት በፊት «የሚገድለኝ ምንድን ነው?» ማለት ይቀድማል።

ነገሩ ጨዋታ ቢሆንም ኪሳራው እውነተኛ ነው። አንድ ደህና መሣሪያ በጨዋታው ገንዘብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ክሬዲት ያስወጣል፤ ይህም የብዙ ማታ ድካም ነው። የተገጠመውን ነቅሎ ወደ ሌላ ታንክ ለማዛወር ደግሞ በአብዛኛው ወርቅ ይጠየቃል፤ ወርቁን ያልከፈለና የመንቀያ ኪት የሌለው ሰው መሣሪያው ይወድምበታል። ወርቅ ማለት ደግሞ በሞላ ጎደል በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ማለት ነው። በዚያ ላይ እርስዎ በሁለተኛው ደቂቃ ሲሞቱ 14 የቡድን ጓደኞችዎ ጎዶሎ ሆነው ይዋጋሉ።

ብረቱ አይሸጥም

አዲስ ተጫዋች መከላከያ ሲባል የሚመጣለት ወፍራም ብረት ነው። በዚህ ጨዋታ ግን የታንኩ አካል የብረት ውፍረት ከታንኩ ጋር የተወለደ ነው። በአንዳንድ ታንኮች ላይ ቱሬት የሚባለውን ተሽከርካሪ የላይኛ ክፍል በምርምር ወደተሻለ መቀየር ይቻላል። ከዚህ ውጪ ገበያ ወጥቶ በብረት ላይ ብረት መደረብ የለም።

ያም ሆኖ ብረቱን ያለ አንድ ሳንቲም ማወፈር ይቻላል፤ መንገዱ ማጋደል ነው። የታወቀው የሶቪየት ቲ-34 ታንክ የፊት አካሉ ብረት 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ነገር ግን ከቁም መስመር 60 ዲግሪ የተጋደለ በመሆኑ በአግድም ለሚመጣ ጥይት 90 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይሆንበታል። ጨዋታውም የሚሠራው በዚሁ የጂኦሜትሪ ስሌት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ 100 ሚሊ ሜትር የፊት ብረት ያለው ታንክ አካሉን 30 ዲግሪ ቢያዞር ብረቱ ወደ 115፣ 45 ዲግሪ ቢያዞር ወደ 141 ሚሊ ሜትር ያድግለታል።

ለዚህ ስሌት ግን ገደብ አለው። አካልዎን ከመጠን በላይ ሲያዞሩ ቀጭኑን ጎን ለጠላት እያሳዩ ነው። ብረት በሺ ጥይት በ70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲያርፍ ነጥሮ ይመለሳል። ነገር ግን የጥይቱ ስፋት የብረቱን ውፍረት ከሦስት እጥፍ በላይ ከበለጠ አይነጥርም። ለምሳሌ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ 40 ሚሊ ሜትር ብረት ሲያገኝ ማጋደሉ ጥይቱን አያነጥረውም። ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት የታንክዎ ብረት የት ጋ ወፍራም፣ የት ጋ ስስ እንደሆነ ይወቁ። በነፃ የሚገኘው መከላከያ ይህ ነው።

ሦስት ቦታ፣ ብዙ ፈላጊ

በመደበኛ ታንኮች ላይ ቋሚ መሣሪያ የሚገጠምባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። በ2020 በተደረገው ትልቅ ማሻሻያ መሣሪያዎቹ በአራት ወገን ተመደቡ፤ የእሳት ኃይል፣ በሕይወት የመቆየት፣ የእንቅስቃሴና የቅኝት ተብለው። በብዙ ታንኮች ላይ አንደኛው ቦታ ለአንዱ ወገን የተመደበ ሲሆን የዚያ ወገን መሣሪያ እዚያ ሲገጠም ጥቅሙ ከፍ ይላል። ይህን ምልክት ሳያዩ መግጠም ቅጹን ሳያነቡ እንደመፈረም ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሦስት ቦታ ብቻ መኖሩ ነው። መከላከያ በገጠሙ ቁጥር አንድ ሌላ ነገር ትተዋል። ለምሳሌ ገን ራመር የተባለው ማጉረሻ ጥይት የማጉረሻውን ጊዜ 10 በመቶ ያህል ያሳጥራል። ይህ የማጥቂያ መሣሪያ ነው ቢባልም፣ ፊት ለፊት የቆመው ጠላት ቶሎ ከሞተ የሚተኩስብዎ የለምና መከላከያም ነው። ስለዚህ «መከላከያ» የሚል ምድብ የተጻፈበት ሁሉ ይከላከላል፣ ያልተጻፈበት አይከላከልም ማለት አይደለም።

የአሟሟት መዝገብ

እኔ ለወዳጆቼ የምመክረው ይህን ነው። አዲስ ታንክ ሲይዙ ምንም ሳይገዙ አሥር ግጥሚያ ይጫወቱ። በእያንዳንዱ ሲሞቱ አንድ መስመር ይጻፉ፤ ምን ገደለኝ? አሥሩ መስመር ሲሞላ ጭብጡ ራሱ ይወጣል። በአብዛኛው ከአምስቱ አንዱ ነው።

*አንደኛ፣ «ሳላየው አየኝ» የሚለው ነው።* ጠላት ሳይታይዎ ሦስት ጥይት ከቀመሱ ችግሩ የብረት ሳይሆን የመታየት ነው። በጨዋታው ደንብ አንድ ታንክ ሌላውን በራሱ ዓይን የሚለይበት ከፍተኛ ርቀት 445 ሜትር ነው፤ በ50 ሜትር ውስጥ ግን ማንም ሊደበቅ አይችልም። መድኃኒቱ ካሞፍላጅ መረብ ነው፤ ታንኩ ቆሞ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ይሠራል። እየተንቀሳቀሱ ለሚዋጉ ድምፅ የሚቀንሰው የጭስ ማውጫ ይሻላል። ወይም ደግሞ ቀድሞ ለማየት የእይታ ርቀትን 10 በመቶ ያህል የሚጨምረውን ኮትድ ኦፕቲክስ መግጠም ይቻላል። ቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው የሚተኩሱ ከሆነ ደግሞ ከመተኮስዎ በፊት ከቁጥቋጦው ከ15 ሜትር በላይ ወደኋላ ይበሉ፤ ከዚያ በቀረበ ርቀት ሲተኩሱ ቅጠሉ ከነመሸሸጊያነቱ ያጣዎታል። መታየትዎን የሚነግርዎ አምፖል የሚበራው ከታዩ ከሦስት ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አምፖሉን ጠብቆ መሸሽ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መሸሽ ነው።

*ሁለተኛ፣ «ሳይበሳኝ አቃጠለኝ» የሚለው ነው።* ይህ የፈንጂ ጥይትና ከሩቅ ወደ ላይ የሚተኩሰው መድፍ ጉዳት ነው። ፈንጂ ጥይት ብረቱን ባይበሳውም በፍንዳታው ይጎዳል፤ ከ2017 ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ የመድፉ ጥይት የታንኩን ሠራተኞች ያደነዝዛል። ለዚህ የተሠራው ስፖል ላይነር የሚባለው የውስጥ ሽፋን ነው። ሐሳቡ ከእውነተኛው ዓለም የተወሰደ ነው፤ በእውነተኛ ታንክ ጥይት ባይበሳም ከውስጠኛው ግድግዳ ስንጥር ብረት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፤ ሽፋኑ ያንን ስንጥር ይይዛል። በጨዋታው ግን ሽፋኑ ከብረቱ ጋር ተባብሮ የሚሠራ በመሆኑ ይበልጥ የሚጠቅመው ወፍራምና ቀርፋፋ ታንክን ነው። 188 ቶን የሚመዝነው የጀርመኑ ማውስ ሮጦ ከመድፍ አያመልጥምና ይገባዋል። ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ ብረቱን አሳስተው ለፍጥነትና ለመድፍ ቅድሚያ የሰጡት ሌዎፓርድ 1 ግን ስፖል ላይነር ቢገጠምለት ቦታ ማባከን ነው። እሱን የሚያድነው እግሩ ነው።

*ሦስተኛ፣ «ሰንሰለቴ ተበጥሶ ቀረሁ» የሚለው ነው።* ሰንሰለት ሲመታ አንዳንዴ ጥይቱን ይውጠዋል፤ የታንኩም የሕይወት ነጥብ ላይቀንስ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ መንገድ ላይ ቆመው የቀረው ጠላት ሁሉ ይረባረብብዎታል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው መግዛት ሳይሆን ማስተማር ነው። ለሠራተኞቹ በሙሉ የጥገና ችሎታ ያሠልጥኑ። ይህ ክህሎት ከታንኩ የሦስት ቦታ ኮታ አይነካም። ከዚያ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ ሰንሰለትን የሚያጠነክረው ኢምፕሩቭድ ሃርደኒንግ ይታሰብ።

*አራተኛ፣ «በአንድ ጥይት ፈነዳሁ» ወይም «ተቃጠልሁ» የሚለው ነው።* የጥይት ማስቀመጫው ከተመታ ታንኩ ሙሉ ጤና ይዞም ሊፈነዳ ይችላል፤ የነዳጅ ቋቱ ወይም ሞተሩ ከተመታ እሳት ይነሣል። ከ2020 በፊት ለሁለቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በሞዲፋይድ ኮንፊገሬሽን ተጠቃለዋል። ይህን የምመክረው ከአሥሩ ግጥሚያ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በዚህ ምክንያት ለሞተ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ መፈንዳት አስደንጋጭ ነው፤ ድንጋጤ ግን ማስረጃ አይደለም።

*አምስተኛ፣ «ተታኮስን፣ እሱ በለጠኝ» የሚለው ነው።* ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ሰዎች የሕይወት ነጥብ ለመጨመር የሚሮጡትም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ለብቻው እንየው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ኢምፕሩቭድ ሃርደኒንግ ሲተዋወቅ ለታንኩ የሕይወት ነጥብ 8 በመቶ የሚጨምር ሆኖ ነው የመጣው። ስምንት በመቶ ሲባል ደስ ይላል። ነገር ግን ታንክ የሚሞተው በመቶኛ ሳይሆን በጥይት ቁጥር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ጠላቴ እኔን ለመግደል የሚያስፈልገው የጥይት ቁጥር ይጨምራል ወይ?» የሚለው ነው።

በአማካይ 400 ነጥብ የሚጎዳ መድፍ እንውሰድ። 1,700 ነጥብ ያለው ታንክ በ5 ጥይት ይሞታል። ስምንት በመቶ ሲጨመርለት 1,836 ይሆናል፤ አሁንም በ5 ጥይት ይሞታል። 1,500 ነጥብ ያለው በ4 ጥይት የሚሞት ሲሆን ጭማሪው 1,620 ያደርገዋል፤ አሁን 5 ጥይት ያስፈልገዋል። 2,000 ያለውም ወደ 2,160 ሲያድግ ከ5 ወደ 6 ይሸጋገራል። በእርግጥ እያንዳንዱ ጥይት ከአማካዩ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስሌቱ እንደ ሕግ አንቀጽ የጠበቀ አይደለም። ቢሆንም ያው መሣሪያ ለአንዱ ታንክ አንድ ሙሉ ጥይት ሲያተርፍለት ለሌላው ምንም እንደማያደርግለት ያሳያል። ሥራው አንድ እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃዋል። የታንክዎን ነጥብ ይዘው ብዙ ጊዜ በሚያጋጥምዎት መድፍ ጉዳት ያካፍሉ፤ ከዚያ ይወስኑ።

ቁጥሩ ካልተቀየረ ቦታውን ለማጉረሻው ወይም የሠራተኞቹን ብቃት ለሚያሻሽለው የአየር ማናፈሻ ይስጡ። መታኮሱን የሚያሸንፈው ቶሎ የተኮሰ እንጂ ትንሽ የቆየ አይደለም።

አላቂ ዕቃ

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ የሚለውን ክፍፍል ያውቃል። ጨዋታውም አላቂ ዕቃ አለው፤ የጥገና ኪት፣ የሕክምና ኪትና እሳት ማጥፊያ። ትንሹ የጥገና ኪት አንድ የተበላሸ ክፍል ያድሳል፤ ትልቁ ሁሉንም። ትንሹ የሕክምና ኪት አንድ ቁስለኛ ይፈውሳል፤ ትልቁ ሁሉንም። ከተጠቀሙበት በኋላ እንደገና እስኪሠራ የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ ትንሿን ጭረት እንዳየ ኪቱን የሚያጠፋ ተጫዋች ሰንሰለቱ ሲበጠስ ባዶ እጁን ይቀራል። የጥገና ኪቱን ለሰንሰለትና ለመድፍ፣ የሕክምናውን ለሾፌር፣ ለጥይት አጉራሽና ለተኳሽ ያቆዩ።

እሳት ማጥፊያው ሁለት ዓይነት ነው። በእጅ የሚሠራው ርካሽ ነው፤ አውቶማቲኩ ውድ ቢሆንም በራሱ ያጠፋል፤ እሳት የመነሣቱንም ዕድል ይቀንሳል። በጭራሽ የማይቃጠል ታንክ የያዘ ሰው ማጥፊያውን ትቶ ለሠራተኞቹ ምግብ ቢገዛላቸው ያዋጣዋል፤ ምግቡ ለአንድ ግጥሚያ ብቃታቸውን ይጨምራልና። መዝገቡ ላይ «ተቃጠልሁ» የሚል ቃል ካልሰፈረ ማጥፊያው ለመዝናናት የተገዛ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚጫወት

እኛ አገር ሆኖ በአውሮፓው ሰርቨር የሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ጭብጥ አለው። ትእዛዙ ሩቅ ሄዶ ስለሚመለስ መዘግየት አለ፤ መስመሩም ይቆረጣል፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ በሰከንድ ቅንጣት ፍጥነት ላይ የተመሠረተ መከላከያ ለኛ ይዳከምብናል። ጥይት ሲተኮስብዎ አይቶ ማምለጥ ለሌላው የሚሠራ ሲሆን ለኛ ግን ታንኩ የሚታዘዘው ጥይቱ ካረፈ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት እኔ ከዚህ ለሚጫወቱ ሰዎች በራሱ የሚሠራውን እንዲያስቀድሙ እመክራለሁ። ከእጅ ማጥፊያ አውቶማቲኩ፣ ከፈጣንና ስስ ታንክ ደህና ብረት ያለው፣ ከሜዳ ላይ ሩጫ ደግሞ ከድንጋይ ጀርባ መቆም ይሻላል። መስመሩ ለአሥር ሰከንድ ቢቆረጥ ታንክዎ የቆመው የት ነው? ከማንኛውም መሣሪያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ ሦስቱም ቦታ በመከላከያ ቢሞላ አያድንዎትም።

ገዛሁ ሲሉ ምን ገዙ?

ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሳይል ማለፍ አይችልም። በወርቅ የገዙት መሣሪያ የእርስዎ ነውን?

በሌባ ፊት ሲታይ፣ መልሱ ወደ «አዎ» ያዘነብላል። የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2012 በሰጠው ውሳኔ ሩንስኬፕ በተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ያለን ክታብና ጭምብል አንድን ልጅ በኃይል አስገድደው የወሰዱ ወጣቶችን በስርቆት ጥፋተኛ ብሏቸዋል። የማይዳሰስ መሆኑ ዕቃ ከመባል አላገደውም፤ ባለቤቱ ጊዜና ድካም አውጥቶበታል፤ በእጁም ያዝበት ነበርና።

በኩባንያው ፊት ግን ነገሩ ሌላ ነው። «እስማማለሁ» ብለን የምንጫነው ውል በዚህ ዓይነት ጨዋታዎች በአብዛኛው የሚሰጠን የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2024 አውጥታ ከ2025 መጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ዲጂታል ዕቃ ሻጮች የሚሰጡት ፈቃድ ብቻ ሲሆን ያንን ሳይገልጹ «ይግዙ» እንዳይሉ የሚከለክለውም በዚህ ምክንያት ነው። ዋርጌሚንግ በ2022 ከሩሲያና ከቤላሩስ ሲወጣ በዚያ ያለው ጨዋታ ሌስታ ስቱዲዮ ወደተባለ ድርጅት ተላልፏል። የዚያ ሰርቨር ተጫዋች በዚህ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ተግባራዊ ነው። መከላከያን በተቻለ መጠን በተጫወቱበት ክሬዲት ይግዙ። ወርቅ ካወጡም ከአንድ ታንክ ወደ ሌላው ነቅሎ ለማዛወር ያውጡት እንጂ ገና ጭብጡ ላልተያዘ ታንክ መሣሪያ ለመከመር አያውጡት። ለልጅዎ ካርድዎን የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ከካርዱ በፊት አሥር መስመር የተጻፈበትን ወረቀት ይጠይቁት።

በአጭሩ

ብረትዎን ይወቁና ያጋድሉ። አሥር ግጥሚያ ተጫውተው አሟሟትዎን ይመዝግቡ። ከታዩ መሸሸጊያ፣ ፈንጂ ካስቸገረዎ እና ታንክዎ ወፍራም ከሆነ የውስጥ ሽፋን፣ ሰንሰለት ከተበጠሰ መጀመሪያ ሥልጠና፣ ደጋግመው ከፈነዱ የጥይት ማስቀመጫ መከላከያ ይግጠሙ። የሕይወት ነጥብ የሚጨምሩት በወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ጥይት የሚያተርፍ ከሆነ ብቻ ነው። የተመደበውን ቦታ ምልክት ሳያዩ አይግጠሙ።

ጎመን በጤና ይላል ያገሬ ሰው። በውድ መሣሪያ ተሞልቶ ሜዳ ላይ ከሚቃጠል ታንክ፣ ባዶውን ከድንጋይ ጀርባ ቆሞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሚተኩስ ታንክ ለቡድኑ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቸር ይግጠመን።